ቅዳሴ ቆሜ ለምን ባዶዬን እመለሳለሁ?

ጥያቄ፦ «ሰላም መምህር። 31 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒታል ነርስ ነኝ። ተረኛ ካልሆንኩ እሑድ ቅዳሴ አልቀርም። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ አብዛኛውን ጊዜ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቆሜ ሐሳቤ ሲባዝን ያልቃል። ግእዙ አይገባኝም። ‹እትዉ በሰላም› ሲባል እፎይ ብዬ እወጣለሁ። በወር አንድ ሁለት እሑድ ደግሞ ዲዩቲ ስለምገባ፣ ያ ሳምንት ያለ እግዚአብሔር ያለፈ ይመስለኛል። በቅርቡ ጓደኛዬ እነሱ የሚያመልኩበት አዳራሽ ወስዳኝ ነበር፤ መዝሙሩ ላይ አለቀስኩ። ቅዳሴ ላይ አልቅሼ አላውቅም። ችግሩ የኔ ነው? ከሰኞ እስከ ቅዳሜስ ምን ላድርግ? እንደ መነኩሴ ልጸልይ አልችልም።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ «ችግሩ የኔ ነው?» ካልሽው ልጀምር። ባዶነት ስለተሰማሽ እምነት ጎደለሽ ማለት አይደለም። ግድ ባይሰጥሽ ኖሮ መምጣቱንም ትተሽው ነበር፣ ወይም እየመጣሽ ምንም አይሰማሽም ነበር። የጎደለው ሌላ ነገር ነው ብዬ አስባለሁ። እስካሁን ቅዳሴውን ስትሰሚ ነው የቆየሽው። ቅዳሴ ግን የሚሰማ ብቻ አይደለም። በውስጡ ያንቺ ድርሻ አለ፤ ድርሻሽን የሚያሳይሽ ሰው ግን አላገኘሽም። በዚህ አንቺ ብቻ አይደለሽም። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሲያስቀድሱ ኖረው ይህን ያልተነገራቸው ብዙ ሰዎች አውቃለሁ።

ለመቀደስ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው አምስቱ ብቻቸውን እንደማይጨርሱት ነው። መጽሐፈ ቅዳሴውን ገልጠሽ ተመልከቺ። በየአንቀጹ ዳር አጫጭር ምልክቶች አሉ፦ «ይካ»፣ «ይዲ»፣ «ይሕ»። ይበል ካህን፣ ይበል ዲያቆን፣ ይበሉ ሕዝብ ለማለት ነው። ያ «ይሕ» የሚለው አንቺ ነሽ። ዛፍ ሥር የቆመችዋ ነርስ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጽፈሽ አለሽ። እየተጠራሽ ነው፤ እየመለስሽ ግን አይደለም። ለሁለት ሰዓት ያህል ሌሎች ሲነጋገሩ ዳር ቆሞ ያሳለፈ ሰው ቢደክመው አይገርምም።

ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ ተሰጥዎውን፣ ማለትም ሕዝቡ ለካህኑና ለዲያቆኑ የሚመልሰውን ቃል፣ ተማሪ የሚል ነው። ሁሉንም አይደለም። ለመነሻ አራት አምስቱ ይበቃሉ። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ይላል፤ ለጸሎት ተነሡ ማለቱ ነው። አንቺ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ትያለሽ፦ አቤቱ ይቅር በለን። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲል ለሁላችሁ ሰላም ይሁን እያለሽ ነው። አንቺም «ምስለ መንፈስከ»፣ ከመንፈስህ ጋራ፣ ብለሽ ሰላሙን ትመልሺለታለሽ። ካህን ሰላም ብሎሽ ዝም ብለሽው የኖርሽበትን ዘመን አስቢ። ይህ ምልልስ በአንድ ቅዳሴ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል። እሱን ብቻ ይዘሽ ብትሄጂ እንኳ በየጥቂት ደቂቃው ተመልሰሽ ትገቢያለሽ።

ሐሳቤ ይባዝናል ያልሽውም እዚህ ጋ መፍትሔ አለው። የቅዳሴን ሥርዓት የሠሩ አባቶች የሰው ልብ እንደሚበተን በደንብ ያውቁ ነበር። በቅዳሴ ሐዋርያት ውስጥ ያለውን አንድ ቦታ ላሳይሽ። ካህኑ ጸሎቱን እያደረሰ ሳለ ዲያቆኑ በመሐል «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ይላል፤ የተቀመጣችሁ ተነሡ። ካህኑ ይቀጥላል። ዲያቆኑ እንደገና «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ»፣ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ። ካህኑ ይቀጥላል። አሁንም ዲያቆኑ «ንነጽር»፣ እንመልከት። ከዚያ በመጨረሻ «አውሥኡ» ይላል፦ መልሱ! ይኼኔ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ እግዚአብሔር ጸባዖት» ይላል። ኢሳይያስ ሱራፌል ሲሉት የሰማው ምስጋና ነው። ልብ በይ፣ ከምስጋናው በፊት አራት ጊዜ ተጠራሽ። መጀመሪያ እግርሽ፣ ቀጥሎ ፊትሽ፣ ቀጥሎ ዓይንሽ፣ በመጨረሻ አፍሽ። በሦስቱ ጥሪ ባዝነሽ በአራተኛው ብትመለሺ በሰዓቱ ደርሰሻል። ስለዚህ ሐሳብሽ ሲሄድ ራስሽን አትገሥጪ። «ደግሞ ጀመረኝ» እያልሽ ስትናደጂ ሌላ አሥር ደቂቃ ያልፋል። የዲያቆኑን ቀጣይ ድምፅ ጠብቂና ተመለሺ።

ግእዙ አያስፈራሽ። ግእዝና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመ መጽሐፈ ቅዳሴ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ባሉት የመንፈሳዊ መጻሕፍት መሸጫዎች አታጪም። ለስልክም አለ። እኔ ግን የታተመውን እመርጥልሻለሁ። ስልክ ቅዳሴ ላይ ከተከፈተ መልእክት መምጣቱ አይቀርም፤ የሥራ ባልደረባ ይደውላል። ደግሞም መጽሐፉን ቤት ስታነቢው ነው የሚጠቅምሽ። ቅዳሴ ላይ ዓይንሽ መቅደሱ ላይ ይሁን።

ሌላው ነገር የቅዳሜ ምሽት ነው። ቤተ ክርስቲያን ለየዕለቱ የሚነበበውን የምትደነግግበት ግጻዌ የሚባል መጽሐፍ አለ። የትኛው የጳውሎስ መልእክት፣ የትኛው የሐዋርያት መልእክት፣ ከግብረ ሐዋርያት የትኛው ክፍል፣ ምስባኩ (ከወንጌል በፊት በዜማ የሚሰበከው የዳዊት መዝሙር ጥቅስ)፣ ወንጌሉ፣ ቅዳሴው ራሱ ከአሥራ አራቱ ቅዳሴያት የትኛው እንደሆነ ሁሉ እዚያ አለ። ቅዳሜ ማታ ቢያንስ ወንጌሉንና ምስባኩን አንብበሽ ተኚ። ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ምን ለውጥ እንደሚያመጣ በአንድ ምሳሌ ላሳይሽ። የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መፃጉዕ ይባላል። ወንጌሉ ዮሐንስ ምዕራፍ 5 ነው። ቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት የተኛው በሽተኛ። ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ሲለው በቀጥታ አዎ አላለም። «ሰው የለኝም» ነው ያለው። ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው የለውም። እህቴ፣ አንቺ ይህን ቃል ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። አስታማሚ የሌለው ታካሚ ዋርድሽ ውስጥ አለ። መድኃኒት ግዙ ሲባል የሚሮጥለት የለም፤ በጥየቃ ሰዓት በሩን በሩን ሲያይ ይውላል። የዚያን ዕለቱ ምስባክ ከዳዊት የተወሰደ ነው። «እግዚአብሔር ይረድኦ ውስተ ዐራተ ሕማሙ» ይላል፤ በደዌው አልጋ ላይ እግዚአብሔር ይረዳዋል ማለት ነው። ይህን ቅዳሜ ማታ አንብበሽ፣ ከልብሽ የማይጠፋውን አንድ ታካሚ ይዘሽ እሑድ ቅዳሴ ብትቆሚ፣ ዲያቆኑ ምስባኩን በዜማ ሲሰብክ የማይገባሽ ቋንቋ ሆኖ አይቀርም። ያንቺን የዋርድ አልጋ እየጠራው ነው።

እዚህ ላይ በጣም የምወደውን ነገር ልንገርሽ። ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በፊት በሚደርሰው በኪዳኑ ጸሎትም በቅዳሴውም ስለ ሕሙማን ትጸልያለች። ስለ መንገደኞች፣ ስለ ዝናም፣ ስለ ምድር ፍሬ፣ ስላንቀላፉት ትጸልያለች። እነዚህ ልመናዎች ብዙ ሰው ሐሳቡ የሚባዝንባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ረዘም ስለሚሉ። ግን ስም አስገቢባቸው። «ስለ ሕሙማን» ሲባል ባለፈው ማክሰኞ ኦክስጅን ላይ የነበሩትን እናት በልብሽ ጥሪ። «ስላንቀላፉት» ሲባል በእጅሽ ላይ ያረፈውን ልጅ አስቢ። ነርሶች ብዙ ሞት ታያላችሁ፤ የምታለቅሱበት ቦታ ግን የላችሁም። ሺፍቱ አልቆ፣ ዩኒፎርሙ ተቀይሮ፣ ታክሲ ተይዞ ቤት ይገባል። ያ ሁሉ የት ይሄዳል? ቤተ ክርስቲያን የምትሸከምበት ቦታ አዘጋጅታለታለች። ሳምንትሽን ይዘሽ ነው ወደ እሑድ መግባት ያለብሽ። የሥራውን ነገር ከአጥሩ ውጭ ትተሽ ልትገቢ ስለምትሞክሪ ይመስለኛል እንግዳ የምትሆኚው።

ስለ ዛፉም አንድ ነገር ልበል። እዚያ መቆም ነውር የለውም። እናቶቻችን እዚያ ቆመው ጸድቀዋል። ግን ለጀማሪ ከባድ ነው። ድምፅ ማጉያው ያስተጋባል፣ ሰው ይወጣል ይገባል፣ ሕፃናት ይሯሯጣሉ፣ ልዑካኑን አታያቸውም። ቀደም ብለሽ ለኪዳን ድረሺና ውስጥ ግቢ። ደብርሽ በጣም የሚጨናነቅ ከሆነ ሰው የማይበዛበት ሌላ ቤተ ክርስቲያን ለጥቂት ወር ሞክሪ። በየሳምንቱ ግን አትቀያይሪ። ሰባኪ እየተከተሉ ደብር ለደብር መዞር አምልኮን ወደ ማዳመጥ ይመልሰዋል፤ ልታመልጪው የሚገባሽ ነገርም እሱ ነው።

አሁን ጓደኛሽ ጋ ሄደሽ ስላለቀስሽው። አልወቅስሽም። እንባሽ ውሸት ነበር አልልም። የደከመች ነፍስ በምትረዳው ቋንቋ የእግዚአብሔርን ፍቅር ስትሰማ ታለቅሳለች። ያልተስማማሁበት ከእንባው የወሰድሽው መደምደሚያ ነው። እንባ የመጣበት አምልኮ ነው፣ ያልመጣበት አይደለም ብለሽ አትለኪው። ቅዳሴ በየሳምንቱ ስሜትሽን እንዲቀሰቅስ ተብሎ አልተሠራም። አዝነሽ ስትመጪም፣ ተደስተሽ ስትመጪም፣ ከናይት ዲዩቲ ወጥተሽ ዓይንሽ እየተከደነ ስትመጪም ያው ቃል ይጠብቅሻል። ሰው በጣም ሲጎዳ የራሱ ቃል ያልቅበታል። ምን ብሎ እንደሚጸልይ እንኳ አያውቅም። ያን ጊዜ «በከመ ምሕረትከ አምላክነ ወአኮ በከመ አበሳነ»፣ አምላካችን ሆይ እንደ ቸርነትህ እንጂ እንደ በደላችን አይሁን የሚለው ተሰጥዎ አፍ ላይ ተዘጋጅቶ ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው። ይህ ቃል አፍ ላይ የሚቀመጠው ግን ምንም ስሜት በሌለባቸው ብዙ ተራ እሑዶች ነው። በሚገባሽ አማርኛ መዘመር ከፈለግሽ ደግሞ በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በሠርክ ጉባኤ ሞልቷል። ሂጂ፣ ዘምሪ፣ ካለቀስሽም አልቅሺ።

ስለ ቁርባን ያነሣሽው ነገር የለም፤ እኔ ግን ሳላነሣ አላልፍም። ቅዳሴው ከመጀመሪያው ጀምሮ ወደ አንድ ቦታ ነው የሚሄደው። ንባቡ፣ ትምህርቱ፣ ጸሎተ ሃይማኖቱ፣ «ንዜኑ ሞተከ እግዚኦ ወትንሣኤከ ቅድስተ» ብለን የጌታን ሞትና ትንሣኤ የምንናገርበት ተሰጥዎ፣ ሁሉም ወደ ሥጋው ወደ ደሙ ያደርሳል። እኛ አገር ግን ቁርባን የሕፃናትና የሽማግሌዎች ብቻ የሚመስልበት ልማድ አለ። ወጣቱና ጎልማሳው ሲቆርቡ እያየ ቆሞ ይመለሳል። እኔ ይህን ልማድ አልወደውም። በሥርዓቱ የተዘጋጀ ሰው በየትኛውም ዕድሜ መቁረብ ይችላል። ዝግጅቱ ንስሐ አለው፣ ከመቁረብ በፊት የ18 ሰዓት ጾም አለው፣ ሌላም አለ፤ ስለዚህ በኔ ጽሑፍ የሚወሰን አይደለም፣ ከንስሐ አባትሽ ጋር ነው። ባዶዬን እመለሳለሁ ላልሽው ግን ዋናው መልስ ምናልባት እዚህ ጋ ይሆናል። ማዕዱ ድረስ የሚወስደውን መንገድ ሁሉ ሄደሽ ማዕዱ ላይ ስትደርሺ ነው የምትመለሺው።

ወደ ሳምንቱ እንምጣ። እንደ መነኩሴ ልጸልይ አልችልም ብለሻል። ማንም አልጠየቀሽም። በፍትሐ ነገሥት የተደነገጉት የጸሎት ጊዜያት ሰባት ናቸው፦ ነግህ (ጠዋት)፣ ሠለስት (ሦስት ሰዓት)፣ ቀትር (ስድስት ሰዓት)፣ ተሰዓት (ዘጠኝ ሰዓት)፣ ሠርክ (ምሽት)፣ ንዋም (የመኝታ ሰዓት) እና መንፈቀ ሌሊት። ሲያዩት ያስደነግጣል። ግን እኛ ኢትዮጵያውያን አንድ የተሰጠን ነገር አለ። የሰዓት አቆጣጠራችን ልክ እንደ ሐዋርያት ዘመን ከንጋት ነው የሚነሣው። መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደው ከቀኑ በሦስት ሰዓት ነው ሲባል፣ ያው ያንቺ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ ከሐኪሞቹ ጋር ራውንድ ላይ ያለሽበት። ጌታ በመስቀል ሳለ ጨለማ የሆነው ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ከምሳ ሰዓትሽ እስከ ከሰዓት በኋላው መድኃኒት። ጴጥሮስና ዮሐንስ ሊጸልዩ ወደ መቅደስ ሲወጡ በበሩ የተቀመጠውን ሽባ ያገኙት በዘጠኝ ሰዓት ነበር። ሌላው ዓለም ደምሮ ቀንሶ የሚያገኘውን እኛ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት አይተን እናገኘዋለን።

ታዲያ ከሰባቱ አንዱን ያዢ። እኔ ብሆን ስድስት ሰዓትን እመርጥልሽ ነበር። እጅሽን ስትታጠቢ፣ የቧንቧው ውኃ እየወረደ፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት በልብሽ። ማንም አያውቅም። ቦታ አይጠይቅም። አንድ ዓመት ሙሉ ይህችን ብቻ ብታደርጊ አምልኮሽ የእሑድ ብቻ አይሆንም።

ናይት ዲዩቲ ስትሆኚ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። መንፈቀ ሌሊት ላይ ገዳማውያኑ ከእንቅልፋቸው ታግለው ነው የሚነሡት። አንቺ ነቅተሻል። ያውም የታመመ ሰው ለመጠበቅ። የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ሰዓታት በየአድባራቱ በሌሊት በዜማ በሚደርስበት ሰዓት አንቺ ኮሪደሩ ላይ ነሽ። ስድስት ሰዓት ሌሊት ላይ ዋርዱ ጸጥ ሲል «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»፣ አቤቱ ክርስቶስ ማረን፣ እያልሽ በአልጋዎቹ መካከል ብታልፊ፣ በእያንዳንዱ አልጋ አንድ፣ ይህ ትልቅ ጸሎት ነው። ድምፅ አታውጪ። እዚያ የተኙት ሙስሊሞችም ናቸው፣ ፕሮቴስታንቶችም ናቸው፤ ሥራ ላይ ያለሽው ሁሉንም ለማገልገል ነው። ለታካሚ የምታሳዪው አምልኮ መድኃኒቱን በሰዓቱ መስጠት፣ ሲጣራ መሄድ፣ ሲያመው አለመቆጣት ነው። «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» ያለው ጌታ ሲጠየቅ ምን ብለን እንደዘመርንለት አልተናገረም።

ትንሽ ጨመር ማድረግ ከቻልሽ ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ ተዘጋጅቷል። የሰኞው «ፈቀደ እግዚእ ያግዕዞ ለአዳም» ብሎ ይጀምራል። ልቡ ያዘነውንና የተከዘውን አዳምን ጌታ ነፃ ሊያወጣው ወደ ቀደመ ቦታውም ሊመልሰው ወደደ። ሰኞ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ለቆመ ሰው ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም። ዳዊትም እንዲሁ በሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ይደገማል። የሰኞ ድርሻ ከመዝሙር 1 እስከ 30 ነው። አንቺ 30ውን አትድገሚ። አንዱን በዝግታ አንብቢ። ረቡዕና ዓርብን ከጾምሽ ደግሞ ከምግቡ ጋር አንድ ነገር አብረሽ ተዪ። ስልክ ላይ የምታጠፊውን የምሽት ሰዓት ለምሳሌ። በዚያ ሰዓት የታመመች ጎረቤት ጠይቂ፤ ያለሽን ስጪ።

ዲዩቲ የምትገቢበት እሑድ ያለ እግዚአብሔር ያለፈ ሳምንት አይደለም። የታመመን መጠበቅ ሰንበትን አይሽርም፤ ጌታ ራሱ በሰንበት ፈውሷል። ቅዳሴውም ቢሆን የእሑድ ብቻ አይደለም። የኛ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሜንም ቀዳሚት ሰንበት ብላ ታከብራለች፤ ይህ ብዙ ካከራከረ በኋላ በ1450 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የጸና ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ታቦታቸው ባለበት ይቀደሳል። በጾም ወራት በሥራ ቀናት ቅዳሴው ወደ ቀትር ገፋ ብሎ ገብቶ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይወጣል፤ ከናይት የወጣ ሰው ጠዋት ተኝቶ ሊደርስበት ይችላል። ፍልሰታ ላይ በተለይ፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ለሁለት ሳምንት፣ የአዲስ አበባ ሠራተኛ ምን ያህል ፈቃድ እየወሰደ እንደሚያስቀድስ አይተሽ ይሆናል። ቅዳሴ ከተወደደ በኋላ እንዲህ ነው።

በስልክ የሚተላለፈውን ቅዳሴ መከታተልስ? ለታመመ፣ ለአራስ፣ መውጣት ለማይችል በረከት ነው። በአረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ፣ የዕረፍት ቀን የማይሰጣቸው እህቶቻችን ማእድ ቤት ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርገው «እግዚኦ ተሣሃለነ» ሲሉ እግዚአብሔር ይሰማቸዋል፤ በዚህ አልጠራጠርም። አንቺም ዲዩቲ በገባሽበት እሑድ በሻይ ዕረፍትሽ ወንጌሉን ስሚ። መሄድ እየቻልሽ ግን ሶፋ ላይ ሆነሽ አትከታተዪ። ወደ መስማት ብቻ ይመልስሻል።

ይህን ሁሉ ብቻሽን አትወጪው። ሥራ ቦታሽ ጽዋ ማኅበር ካለ ግቢ። ከሌለ ከሁለት ሦስት ባልደረቦችሽ ጋር ጀምሩ። ወር በገባ በአንዱ ቀን፣ በየተራ ቤት፣ ሙሴያችሁን (የማኅበሩን መሪ) መርጣችሁ። እባካችሁ ድግስ አታድርጉት። ብዙ ማኅበር የፈረሰው ተረኛዋ ዶሮ ካልሠራሁ ብላ ስትጨነቅ ነው። ዳቦና ጠላ፣ ካልሆነም ዳቦና ሻይ ይበቃል። የዕለቱን ወንጌል አንብቡ፣ ጸልዩ፣ የታመመ ባልደረባ ካለ በዚያው ሄዳችሁ ጠይቁ።

የንስሐ አባት እንዳለሽ አልጻፍሽልኝም። ከሌለሽ በምታስቀድሺበት ደብር ጽሕፈት ቤት ጠይቂ፤ ያገናኙሻል። ካገኘሻቸው በኋላ ኃጢአትሽን ብቻ ሳይሆን የሥራ ሰዓትሽንም ንገሪያቸው። ብዙ ሰው ይህን አይነግርም፤ አባም ለቤት እመቤት ወይም ለቢሮ ሠራተኛ የሚሰጡትን ጸሎትና ስግደት ይሰጡታል። እሱም ሳምንት ሳይሞላው ያቋርጠዋል፤ ከዚያ ያፍርና ወደ አባ መሄድም ያቆማል። የወሩ የዲዩቲ ሰንጠረዥ ስልክሽ ላይ አለ አይደል? አውጥተሽ አሳዪያቸው። የትኛው ቀን ናይት እንደሆንሽ፣ የትኛው እሑድ ነፃ እንደሆንሽ አብራችሁ ተመልከቱ፤ መቼ መጾም፣ መቼ መዘጋጀት፣ መቼ መቁረብ እንደምትችዪ ከዚያ ተነሥተው ይንገሩሽ።